የካርታዋ ግማሽ

የመምህር ወንዳወቅ ሬሳ የተገኘው ጥር 2014፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ መርሳ ውስጥ ወንበሩ ሁሉ በጦርነቱ ለማገዶ ባለቀበት አንድ የመማሪያ ክፍል ነው። ጭንቅላቱን ከኋላ ተመትቷል። አጠገቡ የዴስክ እግር ወድቋል፤ አንገቱ ላይ የተበጠሰ ክር አለ። ከተማው ክሩን ልብ አላለውም፤ ምክንያቱን ቀድሞ ያውቅ ነበርና። ሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሬዲዮ «የመርሳ ሚዛን» የተባለው የፌስቡክ ገጽ ባለቤት መምህር ወንዳወቅ ነው ብሎ ነበር። በዝግጅቱ መጨረሻ የእርዳታ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዳምጠው «ያ መምህር ስሜን ሲያጠፋ የኖረው በቅናት ነው» ሲሉ ተሰምተዋል። በማግስቱ ሁሉም «ሰምተው ሌሊቱን ገደሉት» አለ።

ገጹ ለተፈናቃይ የመጣ ዱቄት ሐራ ገበያ ሲሸጥ በፎቶ ያወጣ ነበር። አቶ ዳምጠውንና ነጋዴውን አያሌውን በስም አንስቷል። ስሙን በሬዲዮ ያወጣው ጋዜጠኛ ፈንታው ግን ዱቄቱ የት ገባ ብሎ አልጠየቀም። ጸሐፊው ማን ነው ብሎ ሁለት ሳምንት ለፋ። ሌባውን ከመያዝ «ሌባ!» ብሎ የጮኸውን ማሳደድ ይቀላል፤ ፈንታው ደግሞ ቀላል ነገር ይወዳል።

ኢንስፔክተር ቡርቱካን ከወልድያ በሚኒባስ መጣች። ሞኝ ሰው ሲያወራ ዝም ብላ ጥፍሯን የማየት ልማድ ነበራት።

«ጸሐፊው እሱ መሆኑን በምን አወቅህ?» አለችው ፈንታውን።

«በምርመራ ጋዜጠኝነት ነዋ!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ብቻ ነው። ገጹ ሁልጊዜ ዐሥር ሰዓት ላይ ይጽፋል። መምህሩም ሁልጊዜ በዐሥር ሰዓት ኮረብታው ላይ ነው። ዐሥራ አንድ ቀን ቆጥሬያለሁ።»

«በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው አይወጣም?»

«ግማሹ ከተማ ይወጣል። እሱ ግን የተማረ ነው።»

ጥፍሯን አየች።

«ራሱን ጠየቅከው?»

«ቢጠየቅ መካዱ አይቀር፤ ምን ዋጋ አለው?»

«ከዝግጅቱ በፊትስ ስሙን ለማን ነገርክ?»

«ያነጋገርኩትን ሰው አሳልፌ አልሰጥም! የሙያው ሥነ ምግባር አይፈቅድልኝም።»

ቡርቱካን የዐሥሩንም ጣቶቿን ጥፍር አንድ በአንድ አይታ ወጣች።

አያሌው አልሸሸገም። «ስሙ ሲጠራ ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ሌሊቱን ግን ጠላ ቤት ነበርኩ፤ ምስክር አለኝ» አለ። አቶ ዳምጠው ጋቢያቸውን አስተካክለው «እኔም እንደ ሰው ሁሉ ከሬዲዮ ነው የሰማሁት። ሌሊቱን ከቤቴ አልወጣሁም፤ ጎረቤት ይጠየቅ» አሉ።

ቡርቱካን ከዚያ የሄደችው ሰይፈዲን ስልክ ቻርጅ ወደሚያደርግበት ሱቅ ነው። መብራት አልተመለሰም፤ መርሳ ስልኳን የምትሞላው በሰይፈዲን ጄኔሬተር ነበር። ሰይፈዲን የመጫወቻ ካርታ ለሁለት ይቀድና ግማሹን ስልኩ ላይ በላስቲክ ያስራል፣ ግማሹን ለባለቤቱ ይሰጣል። ካርታው ከገጠመ ስልኩ ይሰጣል።

«መምህሩ የሱን ግማሽ የት ነበር የሚያኖረው?»

«እንዳይጠፋበት በክር አንገቱ ላይ ነበር የሚያንጠለጥለው» አለች የሰይፈዲን ሚስት ሳሚራ። «ሰኞም ስልኩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሰይፈዲን ለዐስር ሶላት ወጥቶ ነበር፤ ዐሥር ሰዓት አልሞላም።»

«ለራሱ ለመምህሩ?»

«ወላሂ ፊት አላየሁም! ስልሳ ስልክ ነው የምንሞላው። በመስኮቷ እጅና ካርታ ይገባል፣ ስልክ ይወጣል። ብቻ አንድ ነገር ገረመኝ። ‹ይኼ አይደለም፣ ትልቁን ስጪኝ› አለኝ። ‹ካርታው የዚህ ነው› ስለው አጉረምርሞ ሄደ። የመምህሩ እኮ ያቺ ባለቁልፏ አሮጌ ስልክ ናት፤ ከጥሪ ሌላ ምንም አታውቅም።»

በዚህ ጊዜ ቡርቱካን ጥፍሯን አላየችም። ወደ አቶ ዳምጠው መጋዘን ፖሊስ ላከች።

ሐሙስ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወንበር ስለሌለ ቆሙ። ከደሴ የመጣችው የመምህሩ ልጅ ቤዛ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። ፈንታው መቅጃውን ከፈተ።

«ሁላችሁም ሌሊቱን የት እንዳደራችሁ ነገራችሁኝ» አለች ቡርቱካን። «ስለ ሌሊቱ የጠየቃችሁ ግን የለም። መምህሩ የሞተው በቀን ነው። ገዳዩ ክሩን በጥሶ ካርታውን ወሰደ፤ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ስልኩን ተቀበለ። የዱቄቱ ፎቶ ያለበት መስሎት ትልቅ ስልክም ጠየቀ። ትልቅ ስልክ የሚጠይቅ መምህሩ ፌስቡክ ይጽፋል ብሎ ያመነ ሰው ነው። ሬዲዮው የተናገረው ማታ አንድ ሰዓት ነው። ታዲያ ቀን ላይ ማን ያውቅ ነበር?»

ዓይን ሁሉ ፈንታው ላይ አረፈ።

«እኔ ከረፋዱ ጀምሮ ወልድያ ስቱዲዮ ነበርኩ!»

«አውቃለሁ። አንተ ሰው ለማስገደል እጅህን ማንሳት አያስፈልግህም።» ወደ አቶ ዳምጠው ዞረች። «እርስዎ ስሙን የሰማሁት ከሬዲዮ ነው ብለውኛል።»

«አዎን።»

«በዚያው ዝግጅት ላይ ግን የእርስዎ ድምፅ ‹ያ መምህር› ይላል። ሬዲዮው ሳይነግርዎ ለሬዲዮው እንዴት መለሱለት?»

አቶ ዳምጠው ጋቢያቸውን እንደገና አስተካከሉ።

«ሰኞ ጠዋት ነው የቀዳኋቸው» አለ ፈንታው በቀጭን ድምፅ። «ምላሽ መጠየቅ ግዴታዬ ነው!»

«ዱቄት በመሸጥ የተከሰሰውን ጠየቅከው። የምትወነጅለውን መምህር ግን አልጠየቅከውም።»

ፖሊሱ ዱቄት የነካት ባለቁልፍ ስልክ መስኮቱ ላይ አኖረ። የተገኘችው በአቶ ዳምጠው መጋዘን፣ ከጆንያ ሥር ነው።

«ስሜን ያጠፋ እሱ ነው!» ብለው ጮኹ አቶ ዳምጠው። «ልጆቼ ፊት ሌባ አሰኘኝ!»

ቤዛ የአባቷን ስልክ አንስታ የጥሪዎቹን ዝርዝር ከፈተች። ቁጥሩ ሁሉ አንድ ነበር፤ የራሷ።

«በየቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ይደውልልኝ ነበር» አለች። «‹በላሽ ወይ?› ይለኛል። ሰኞ ሳይደውል ሲቀር ተቀይሞኝ መስሎኝ ነበር።»

አቶ ዳምጠው ስልኳን አዩ። ፖሊሱ እጃቸውን አሰረ።

«ገጹ ትናንትም ጽፏል» አለች ቡርቱካን። «‹መምህር፣ በእኔ ቦታ ሞትክ፤ ይቅር በለኝ› ይላል።»

ፈንታው ወደ ፊት ወጣ፤ እፍረት ቢኖረው ወደ ኋላ የሚልበት ሰዓት ነበር። «ታዲያ እውነተኛው ማን ነው? ሕዝቡ የማወቅ መብት አለው!»

«ሕዝቡ ሰኞ አወቀ አይደል? ያወቀው የሬሳ ስም ነው፤ እሱም ውሸት» አለችው። «ጸሐፊውን እኔ አውቀዋለሁ። አሁን መቅጃህን ዝጋና ልጅቷን ይቅርታ ጠይቅ።»

መቅጃውን ዘጋ። ይቅርታ አልጠየቀም። በዚያው ማታ ገዳዩ «በጣቢያችን የምርመራ ዘገባ» እንደተያዘ በሬዲዮ ተናገረ።

በማግስቱ ዐሥር ሰዓት ላይ ቤዛ የአባቷን ስልክ ይዛ ኮረብታው ላይ ወጣች። ግማሹ ከተማም እዚያ ነበር። «የመርሳ ሚዛን»ን የሚጽፈው ሰው ከጎኗ መጥቶ ቆመ፤ ማንነቱን አልነገራትም፣ አብሯት አለቀሰ። እኔም ስሙን አውቀዋለሁ። አንተ አንባቢ፣ እዚህ ድረስ የመጣኸው ስሙን ፍለጋ ከሆነ ግን፣ ወልድያ የሚሄደው ሚኒባስ ላይ ከፈንታው አጠገብ ቦታ አለልህ።