ቀዩ ስቲከር

በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ፣ በሐጂ አዩብ ፔንሲዮን፣ የሦስተኛው ክፍል በር የተከፈተው ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ኤፍሬም ከብረት አልጋው ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ፂሙ ገና የተላጨ ነው፤ ማጅራቱ ተፈንክቷል። ዓይኖቹ ግን በወጉ ተከድነዋል፤ የሁለት እጆቹ አውራ ጣቶችም በወፍራም ነጭ ክር አንድ ላይ ታስረዋል።

«ከቀትር በፊት ነው የሞተው» አለ ሐኪሙ። «ተገፍትሮ የአልጋው ጠርዝ መትቶታል።»

ኢንስፔክተር ሰሚያ ክሩን ጎንበስ ብላ አየችው።

«ገድሎ የሚገንዝ ሌባ አጋጥሞኝ አያውቅም» አለች።

ኤፍሬምን የእስቴ ሰው «የበርሊኑ» ይለው ነበር። በርሊን አስጎብኚ ነኝ እያለ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጀርመንን ለሚጎበኝ ሐበሻ የሚሆን መመሪያ ሲጽፍ ኖሯል። መቼም አጻጻፍ ያውቅበታል። ሌላው ቱሪስት አልፎት የሚሄደውን ነበር የሚመርጠው፦ ጫፉ ላይ ባዶ የስለላ ጣቢያ የቀረበትን ተራራ፣ እሑድ እሑድ ማንም ተነሥቶ የሚዘፍንበትን መናፈሻ፣ ቅዳሜ ገብተው ሰኞ የሚወጡበትን ጭፈራ ቤት። ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር ለታናሽ ወንድሙ ለይበልጣል በስልክ ይልክለታል። ሌላ አንባቢ አልነበረውም።

ሐጂ አዩብ ክፉኛ ደንግጠዋል።

«ከመጣ ሳምንቱ ነው። ፎቶ እንነሣ ስንለው አሻፈረኝ ይላል። ስልኩን አየሽው? ከፊትም ከኋላም ካሜራው ላይ ቀይ ስቲከር አለበት። በርሊን፣ ጭፈራ ቤቱ በር ላይ የሚለጥፉት ነው፤ ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው አለኝ። ታዲያ እዚህ ለምን አትልጠውም ስለው ዝም አለ።»

አገሩ ከውጭ የተመለሰ ሰው ዝም ሲል ኮራ ይላል። አፍሮ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር አንድ ሰው አይገኝም።

«ዛሬስ አይተውታል?»

«አራት ሰዓት ላይ ምላጭ ለመነኝ። ያን የሚያህል ፂሙን ሊላጭ! ‹ዛሬ ሰው ፊት እወጣለሁ› አለኝ። እኔም ወደ ሱቄ ሄድኩ። ቤቱ ውስጥ የቀረ ሰው አልነበረም።»

መምህርት ፅጌረዳ የቀድሞ እጮኛው ናት።

«ጠብቂኝ ብሎኝ ስድስት ዓመት ጠበቅሁት። ከዚያ ሌላ አገባሁ። ዛሬ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳስተምር ነበር፤ ተማሪዎቼን ይጠይቁ። አልገደልኩትም። አላለቅስለትምም።»

ይበልጣል ጋቢውን ተከናንቦ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፤ ሬሳውን ገና አላሳዩትም።

«ከወገዳ እየመጣሁ፣ መኪና ላይ ሳለሁ፣ ስምንት ሰዓት ላይ በቪዲዮ ደወለልኝ። ፂሙን ተላጭቶ፣ ልጅ መስሎ ሲስቅ አየሁት። ስልኩን እዩት፣ ጥሪው አለ።»

እውነትም ጥሪው ነበረ። ሰሚያ የኤፍሬምን ስልክ አገላብጣ አየችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስቱንም ፔንሲዮኑ መመገቢያ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ከክሩ ልጀምር» አለች። «ገዳዩ ሬሳውን ዓይኑ እንደ ተገለጠ ጥሎት መሄድ አልሆነለትም። ይወደው ነበር ማለት ነው። መምህርት ፅጌረዳ ክፍል ውስጥ እንደ ነበረች አረጋግጫለሁ።»

«ስምንት ሰዓት ላይ ግን ደውሏል እኮ!» አሉ ሐጂ አዩብ።

«ከቀትር በፊት የሞተ ሰው አይደውልም። ስልኩ መቆለፊያ የለውም፤ ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ነው የደወለው። ይበልጣል፣ በዚያ ስልክ ማንም ቢደውልልህ የምታየው ጨለማ ብቻ ነው። ስቲከሩ ዛሬም አልተነሣም። ፂሙን መላጨቱን ያየኸው እዚያው ክፍል ቆመህ ነው፤ ወደ ራስህ ስልክ የደወልከውም አንተው ነህ። እስቲ የጋቢህን ጠርዝ አሳየኝ።»

ይበልጣል ጋቢውን ራሱ ዘረጋው። ከጥጉ ክር ተመዞ፣ ጨርቁ ተኮማትሯል።

«እየተላጨ ነው የነገረኝ» አለ። «‹ማንንም አስጎብኝቼ አላውቅም። በር ላይ ቆሜ ስቲከር ነበር የምለጥፈው፤ ውስጡን ረግጬው አላውቅም። የጻፍኩልህ ሰዎች ሲያወሩ የሰማሁትን ነው። አሁን ደግሞ አባረሩኝ። አንተም አርፈህ እረስ› አለኝ። እረስ! መሬቴን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ፣ ትዳር ሳልይዝ፣ እሱ ጋ እሄዳለሁ ብዬ ዘጠኝ ዓመት ጀርመንኛ ስሸመድድ የኖርኩትን ሰውዬ! ገፋሁት። አንዴ ነው የገፋሁት።»

አላለቅስም ያለችው ፅጌረዳ አለቀሰች። ለየትኛቸው እንደሆነ ግን ራሷም አላወቀችም።

ይበልጣል ካቴና ሲጠለቅለት ቀና አለ።

«እቴ፣ ተራራውስ? እሱም ውሸት ነው?»

ሰሚያ መመሪያውን አንብባ፣ የተጻፈውን ሁሉ ከኢንተርኔት ጋር አመሳክራለች። ልትዋሸው ፈልጋ ነበር፤ አልቻለችም።

«ተራራው አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፈረሰውን ቤት ሁሉ እያጋዙ የከመሩት ነው። ከሥር እስከ ጫፍ ፍርስራሽ ነው።»

«እሱን አልጻፈልኝም» አለ ይበልጣል።