ክንዱ ያላየው ብየዳ

በራሱ የሚሠራው የብየዳ ክንድ ከሳጥኑ ወጥቶ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ካፍታታ በኋላ፣ «በአቅራቢያው ብቃት ያለው ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ።

እማማ ሶልያና ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«አለ» አሉት።

«አውራ ጣትዎን ያስነኩ።»

አስነኩ። ክንዱ ጥቂት ቆይቶ ቀይ አበራ። «ይህ አሻራ ብቃት ካላቸው ሰዎች መዝገብ ውስጥ የለም። በአቅራቢያው ብቃት ያለው ሰው አለ?»

«ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ? የጎረቤት ድመት?»

«በአቅራቢያው ብቃት ያለው ሰው አለ?»

ሃምሳ አንድ ዓመት በይደዋል። አቃቂን አቋርጦ የሚያልፈው የሰማይ ባቡር ከቆመባቸው ምሰሶዎች ግማሾቹ ላይ የእሳቸው እጅ አለ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ ይህን ሲናገሩም አያፍሩም። የሚያናድዳቸው ሌላ ነው። የክሊኒኩ በር «አብሮዎት የመጣ ሰው አለ?» ይላቸዋል። የወረዳው መስኮት «የሚያነብልዎት ሰው ይጥሩ» ይላቸዋል። አሁን ደግሞ ለአንድ ቀን የተከራዩት ብረት በገዛ ግቢያቸው ውስጥ ሰው እንዲጠሩለት ያዛቸዋል።

«በለጡ!» ብለው ጮኹ። «ነይ፣ ይሄ ነገር ሰው ይፈልጋል። እኔን ከሰው አልቆጠረኝም።»

የልጅ ልጃቸው በለጡ እጇን በሱሪዋ እየጠረገች መጣች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሰማይ ባቡሩ መስመር ተቆጣጣሪ ናት። አውራ ጣቷን አስነካች። አረንጓዴ በራ።

«እሷ እኮ በሕይወቷ አንድ የብየዳ ኤሌክትሮድ አቃጥላ አልጨረሰችም!»

«ብቃት ያለው ሰው ተገኝቷል» አለ ክንዱ።

«እማማ፣ ተይው በናትሽ። ማሽን ነው።»

«ማሽን መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ስድቡን ያስተማረው ግን ሰው ነው።»

በግቢው መሃል፣ በአራት ድንጋይ ላይ፣ አንዲት አሮጌ ቪትዝ ቆማለች። መቶ ዓመት አልፏታል። ሞተሯ ወጥቶ ባትሪ ገብቶላታል፣ ወንበሮቿ ተነቅለዋል፣ ወለሏ የዛገው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበይዶለታል፤ ይህን ሁሉ የሠሩት እማማ ሶልያና ናቸው። መሪ ያለው መኪና ከከተማ መንገድ ከታገደ ስልሳ ዓመት ሆኖታል። ሰው በገዛ እጁ የሚነዳው በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ አሳሌ ጨው ሜዳ ላይ በሚደረገው ውድድር ነው። «የአያት ስም ይዘሽ የአያት መኪና ትነጂያለሽ» እያሉ ጓደኞቿ በበለጡ ይስቁባታል።

ባለፈው ዓመት ግን ማንም አልሳቀም። የበለጡ ጓደኛ የሐምራዊት መኪና ጨው ላይ ሦስት ጊዜ ተገለበጠ፤ ጣሪያው እስከ ወንበሩ ወረደ። ከዚያ ወዲህ የውድድሩ ኮሚቴ ሮልባር የሌለውን መኪና አያስገባም። ሮልባር ማለት መኪና ሲገለበጥ ጣሪያው ሰው አናት ላይ እንዳይወርድ ከውስጥ የሚበየድ የታጠፈ የብረት ቱቦ ነው። ራሱን የሚነዳ መኪና ስለማይገለበጥ፣ ነገሩን የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነበር። ኮሚቴው ደግሞ የሰው ብየዳ አይቀበልም፤ የክንድ ብየዳ ብቻ።

ክንዱ ሥራ ጀመረ። ቱቦው ከወለሉ ተነስቶ፣ ከሾፌሩ ጀርባ በጣሪያው ስር ዞሮ፣ በሌላው በኩል ወደ ወለሉ ይወርዳል። ከላዩ ሁለት ደጋፊ ቱቦዎች ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ክንዱ ከታች ጀመረ። ስፌቱ እንደ ጥሩ ሹሩባ ተከታትሎ ተኛ።

«አይካድም» አሉ እማማ ሶልያና ፊታቸውን እንዳኮሳተሩ። «እጁ ደህና ነው።»

ወደ ላይ ሲወጣ ግን ከበርጩማቸው ተነሱ። በቱቦውና በጣሪያው መሃል ያለው ክፍተት ሁለት ጣት አይሞላም፤ የክንዱ ጫፍ ቡጢ ያክላል። ክንዱ ደጋፊዎቹን ከስር በየደ፣ በግራ በየደ፣ በቀኝ በየደ፣ ጫፉን ወደ ላይ ሊያስገባ ሞከረና ተመለሰ። ከዚያ ድምፀ ዓይኑን አወጣ፤ ድምፅ ወደ ብረት እየላከ ውስጡን የሚያይበት መሣሪያ ነው። እሱም አልገባለትም። ታጥፎ ተቀመጠና አረንጓዴ አበራ።

«ሁሉም መጋጠሚያ ዙሪያውን ተበይዷል። ሁሉም ጤናማ ነው።»

«የላዩን በየደው?» ብለው እማማ ሶልያና ጠየቁ።

«ሪፖርቱ ሁሉም ጤናማ ነው ይላል» አለች በለጡ።

«ስለ ሪፖርቱ አልጠየቅኩሽም።»

ወደ መኪናው ገቡ። ጣታቸውን በቱቦውና በጣሪያው መሃል ሰደዱ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጣታቸው አልደከመም። ስፌቱ ከስር ተነስቶ በጎን እስከ ግማሽ ወጣ፣ ቆመ። ከዚያ በላይ ሌጣ ቱቦ ነው፤ ሁለቱ ቱቦዎች በሚገናኙበት ጥፍር ይገባል።

«ባዶ ነው። ግማሹ ባዶ ነው።»

«እማማ…»

«ጣትሽን አስገቢ።»

በለጡ አላስገባችም። «የኮሚቴው ኢንስፔክተር በር ላይ ደርሷል። ዛሬ ካልፈረመ ስሜ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ክንዱም ዛሬ ይመለሳል። ድምፀ ዓይኑ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አያመልጠውም። ያንቺ ጣት ደግሞ ዕድሜ ልኩን በእሳት የደነዘዘ ነው።»

«ደነዘዘ» አሉ እማማ ሶልያና ቀስ ብለው። «እሺ። ደነዘዘ።»

ኢንስፔክተሩ ያፌት ይባላል፤ ጫማው ግቢው ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ንጹህ ነው። እማማ ሶልያናን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ በለጡ አዞረና አልመለሰም። በእጁ በያዘው የስክሪን ሰሌዳ ላይ ሪፖርቱን ከፈተ።

«ድንቅ ሥራ ነው።»

«መኪናዋ እዚህ ናት» አሉ እማማ ሶልያና።

«አቤት?»

«ድንቅ የምትላት መኪና። እዚህ ናት፤ ሰሌዳው ላይ አይደለችም። ግባና ጣትህን ከላይ አስገባ።»

ያፌት ፈገግ አለ። «እማማ፣ ጣት እኮ መለኪያ አይደለም። እኔ የብረት ሳይንስ ሰባት ዓመት ተምሬያለሁ።»

«ሰባት ዓመት ተምረህ ጣት ማስገባት ጋ አልደረሳችሁም?»

መልሱን አልጠበቁም። ከግድግዳው ሥር ክሪኩን አነሱ፤ መኪና የሚያነሱበትን። ወለሉ ላይ ወፍራም ሳንቃ አነጠፉ፣ ክሪኩን በሳንቃውና በአንደኛው ደጋፊ ቱቦ መሃል አቆሙ።

«ኧረ ተዉ! ያንን ከነኩት ሪፖርቱ ይሰረዛል!» አለ ያፌት። «በለጡ፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

በለጡ በሩ ላይ ቆመች። «እማማ፣ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረኝ። ሁለት ዓመት ለፍተንባታል።»

«የሐምራዊት ለቅሶ ላይ እናቷን ይዘሽ የዋልሽው አንቺ ነሽ» አሉ እማማ ሶልያና የክሪኩን እጀታ እንደጨበጡ። «እኔን ማን ይዞኝ ይዋል?»

በለጡ ከበሩ ዞር አለች።

እጀታውን አንዴ ገፉት፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቱቦው ትንሽ ጎበጠ። በአራተኛው «ቋ!» አለ። ያ እንደ ሹሩባ የተኛው ስፌት ባዶ ከነበረው ከላይ በኩል ጀምሮ ተገነጠለና ቱቦው ከቱቦው ለቀቀ፤ በመሃሉ የወዲያኛው መስኮት ብርሃን ታየ።

ያፌት ጎንበስ ብሎ ገባ። ጣቱን ወደሌላኛው፣ ወዳልተነካው መጋጠሚያ ሰደደ። ጣቱ ስፌቱን ተከትሎ ግማሽ መንገድ ሄዶ ባዶው ላይ ቆመ። ሲወጣ ፊቱ ተለውጦ ነበር።

«ለምንድን ነው ጤናማ ነው ያልከው?» በለጡ ክንዱ ላይ ጮኸች። «ዙሪያውን ተበይዷል ያልከው ምን አይተህ ነው?»

«ጫፌ ያልደረሰበትን ክፍል ሪፖርቱ ላይ በልማድ ሞልቼዋለሁ» አለ ክንዱ።

«በማን ልማድ?»

«በተማርኩባቸው እጆች ልማድ። ከጣሪያ ስር ላለ መጋጠሚያ ዋናው ምንጭ እጅ አሥራ ሰባት። ሦስት መቶ አራት መጋጠሚያ። ሁሉም በአውራ ጣት ጸድቋል።»

«ይሄ እኔ ሳልወለድ የሆነ ነው» አለ ያፌት ለራሱ የሚናገር ይመስል። «አቃቂ ውስጥ ለአርባ በያጆች ቅጂ ጓንት አጥልቀውላቸው ነበር፤ እጅ ሲሠራ እንቅስቃሴውን የሚቀዳ። ክንዶቹ በሙሉ የተማሩት ከዚያ ነው። ስም አልተመዘገበም። ቁጥር ብቻ።»

እማማ ሶልያና ክሪኩን አረገቡት። ከመኪናው ወጥተው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። አውራ ጣታቸውን አገላብጠው አዩ።

«እማማ፣ አመመሽ?»

«አሥራ ሰባት ቁጥር እኔ ነኝ።»

በለጡ አልገባትም። ያፌት ገብቶት ሰሌዳውን ወደ ጎኑ አወረደ።

«የአውቶቡስ ጣሪያ ነበር የምንሠራው» አሉ። «ጥግ ጥጉ እጅ አያስገባም። ወጉ፣ ቱቦውን ወደ ታች አውርዶ ላዩን መበየድ፣ ከዚያ መልሶ ማንሳት ነው። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ፎርማኑ ከኋላ ይጮሃል። ከስር በየድኩ፣ ከላይ ተውኩ፣ ሙሉ ነው ብዬ ጣቴን ጫንኩ። ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። እኔ ከሁሉም ፈጣን ስለነበርኩ ከሁሉም በላይ ጫንኩ።»

«አውቶቡሶቹስ?» አለች በለጡ።

«ምን አውቃለሁ? ጠይቄ አላውቅም።»

«እንግዲህ ክንዱ በተማረው መሠረት…» ብሎ ያፌት ጀመረ።

«ዝም በል አንተ!» ብለው ጮኹ። ድምፃቸውን የአጥሩ ቆርቆሮ አስተጋባው። «በተማረው መሠረት! ዕድሜ ልኬን ሰው አላየኝም እያልኩ ስጮህ ኖርኩ። ይሄ ብረት ሲያየኝ ኖሯል። ከእኔ ያን ሁሉ ሲማር፣ ያንን ጣት መጫኔንም ትቶ አላለፈውም።»

ከዚያ ተነሱ። ተቀምጦ መናደድ አይወዱም።

የብረት መቁረጫውን ግራይንደር አስነሱና የተበየደውን ሁሉ ቆረጡ። ቱቦው ወለሉን በሚነካበት በሁለቱም በኩል ቀዳዳ ከፈቱ። በለጡና ያፌት ቱቦውን ከነደጋፊዎቹ ይዘው በቀዳዳዎቹ አሳልፈው ወደ ታች አወረዱት፤ የያፌት ጫማ በዝገት ቀላ። አሁን በቱቦውና በጣሪያው መሃል ክንድ ሙሉ ቦታ አለ። እማማ ሶልያና ማስካቸውን አወረዱ። ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ አሳረፉ። ስፌታቸው እንደ ክንዱ አላማረም። ዙሪያውን ግን ሄደ፤ በጀመረበት ገጠመ። በሌላኛውም እንዲሁ። ከዚያ ቱቦውን አነሱት፣ በቀዳዳዎቹ ላይ ወፍራም ላሜራ አጋደሙ፣ የቱቦውን እግሮች በላዩ ላይ አቁመው በየዱ።

ብረቱ ሲበርድ ያፌት ሳይነገረው ገባ። ጣቱን ከላይ ሰደደና ዙሪያውን አዞረ።

«ሙሉ ነው» አለ። «በጣም ሙሉ ነው።» ከዚያ ሰሌዳውን አነሳ። «ኮሚቴው የእጅ ብየዳ አይቀበልም። ግን ግድ የለም፣ የክንድ ብየዳ ብዬ እፈርመዋለሁ። ማንም አይጠይቅም።»

አውራ ጣቱ ሰሌዳውን ሳይነካ እማማ ሶልያና እጁን አንቀው ያዙት። ከእሳት የወጣ እጅ ነው፤ ያፌት ደነገጠ።

«ውድድሩ ላይ ስንት መኪና አለ?»

«ከዚህች ጋር አርባ ሁለት።»

«የቀሩትን አርባ አንዱን ማን በየዳቸው?»

ያፌት ሰሌዳውን ዘጋ።

«ማን በየዳቸው ነው የምልህ!»

«ክንድ» አለ። «ሁሉንም ክንድ ነው የበየዳቸው። የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«አንዱ ውስጥ እንኳ ጣትህን አስገብተሃል?»

«አላስገባሁም።»

«እማማ» አለች በለጡ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ይሄ ከተነገረ ውድድሩ ይሰረዛል። የእኛም ልፋት አብሮ ይሄዳል።»

«ይሂድ።» ዓይናቸውን ከያፌት አልነቀሉም። «የኔን መኪና አትፈርምላትም፤ አንተም እንደኔ ጣትህን በባዶ አትጫን። ስልክህን አውጣ። አርባ አንዱንም አሁን ደውልላቸው፣ እዚሁ ቆመህ፣ እኔ እየሰማሁ። ጣሪያው ስር ጣታችሁን አስገቡ በላቸው። ማን ነው ያለው ሲሉህ ቁጥር እንዳትነግራቸው። ሶልያና ደጀኔ ናት፣ የአቃቂዋ፤ ለክንዱ ውሸት ያስተማረችው እሷ ናት በል። ስሜን አጥርተህ ጥራ። ደውል!»