የእማማ ስህን መገነዣ

ያላመነ ሐይቅ ከተማ ድረስ መጥቶ ሰፈሩን ይጠይቅ። ወላሂ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

ሂንድ እባላለሁ። ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥቅምት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ነው።

ጎረቤቴ ዝናው ሐውልት ይሠራል። ይቅርታ... «ዜኖን በሉኝ» ነው የሚለው። የአባቱ አባት ደሴ ላይ ወፍጮ የነበራቸው ግሪካዊ ናቸው። እሱ ግሪክን የሚያውቃት ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ የሐውልት መጽሐፍ ነው። አዲስ አበባ የጀመረውን የሥነ ጥበብ ትምህርት እንኳ ሳይጨርስ ነው የተመለሰው።

እንግዳ ሲመጣ ግን «ይሄ እጅ የግሪክ እጅ ነው» ይላል።

ውሸታም! ጭቃ ያስተማረችው እናቱ፣ እማማ ስህን ናት። እሷ ጎተራ ስትለስን አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሰውና በሬ ሲያድቦለቡል ነው ያደገው። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ያፍርባታል። ታማ ስትተኛ የማጎርሳት እንኳ እኔ ነበርኩ።

ለደሴ ኤግዚቢሽን የአያቱን ሐውልት በቁመታቸው ልክ በጭቃ ይሠራ ነበር። ጭቃው እንዳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል አለበት። ታዲያ ምን አደረገ መሰላችሁ?

የእናቱን ሳጥን ከፈተ። ለመገነዣዋ ብላ በእጇ ፈትላ ያስቀመጠችውን ነጭ ጨርቅ አወጣና ዓይኔ እያየ ለሁለት ቀደደው።

«ልጄ... በምን ልቀበር?» አለችው ከተኛችበት።

«ሌላ እገዛልሻለሁ። ጭቃው ይሰነጠቃል።»

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«እንግዲያው አንተው ልበሰው» አለች።

በማግስቱ ጨርቁን ሊያርስ ገለጠው... የሐውልቱ ሁለት የእግር አውራ ጣቶች በነጭ ክር ታስረዋል። ክርስቲያኖች ሬሳ ሲገንዙ እንደሚያስሩት።

«አንቺ ነሽ?» ብሎ አፈጠጠብኝ።

«እኔ ስለናንተ አገናነዝ ምን አውቄ?»

«ኋላቀሮች!» ብሎ ክሩን በጠሰው።

በሁለተኛው ቀን የእጆቹም አውራ ጣቶች ታሰሩ።

በሦስተኛው ቀን ያ የሚኮራበት ረጅም አፍንጫ ሟሽሾ አደረ። እንደገና ሠራው። እንደገና ሟሸሸ።

በአራተኛው ቀን... ገልጦ የሠራቸው ዓይኖች ተከድነው ተገኙ። እሱ ግን ያው ነው፤ «እርጥበቱ ነው» አለኝ።

በአምስተኛው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ እማማ ስህን እጄን ያዘች።

«ሂንድዬ... ጨርቄን አምጪልኝ። ዛሬ ነው።»

ሐይቁ ዳር ሐውልቱን ወደሚሠራበት ክፍል ሮጥኩ።

«እናትህ እየሞተች ነው! ጨርቁን ስጠኝ።»

«ነገ ሊጭኑት ይመጣሉ። እንዳትነኪው!»

እናትህ እየሞተች ነው ሲባል የጭነት ቀን የሚቆጥር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ገፋ አድርጌው ጨርቁን ሳብኩት።

ከውስጥ የወጣው አያቱ አልነበሩም።

ዝናው ራሱ ነው። ልጅ ሆኖ ከጎተራ ወድቆ አገጩ ላይ የቀረው ጠባሳ እንኳ አለ። ዓይኖቹ ተከድነዋል።

ጨርቁን አየሁት። ጠዋት በባልዲ ውሃ ሲያርሰው አይቻለሁ... አሁን ደረቅ ነው። አንዲት የጭቃ ነጥብ የለበትም። የተቀደደውም ገጥሟል።

ይዤው በረርኩ።

እማማ ስህን ጨርቋን ደባበሰች። ፈገግ አለች። ከዚያ ትንፋሿ ቀስ ብሎ ቆመ። እንደ እናቴ ነበር የምወዳት፤ አለቀስኩ።

ሬሳ የምትገንዘው ጎረቤታችን ፋና መጣች። አጠበቻት። ጣቶቿን ልታስር ክር መዘዘች።

ድው...

ከግቢ ነው።

ድው... ድው...

«ማነው?» አለች ፋና በሹክሹክታ።

በመስኮት አየሁ። ዝናው ነው። በጠራራ ፀሐይ ሁለት እግሩን ገጥሞ እየዘለለ ይመጣል። እነዚያ የግሪክ እጆቹ ደረቱ ላይ፣ አውራ ጣት ከአውራ ጣት ተጣብቀዋል። ሊያላቅቃቸው ይታገላል... አይላቀቁም። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም።

እጁ ላይም እግሩ ላይም ምንም አልታሰረም።

ዞሬ አየሁ። ክሩ ገና ፋና እጅ ላይ ነበር።