ያልታጠበው ጓንት

ጓንቱ ያስጠላኝ ነበር።

የምሠራበት ጋራዥ ባለቤቶች አያት የመጀመሪያ የመኪና ውድድራቸውን ያሸነፉበት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃ ነክቶት አያውቅም። «ድል በሳሙና ይለቃል» ብለው ለልጃቸው አወረሱት፤ ልጃቸውም ለልጆቻቸው። ላብ በላብ ላይ ደርቆበት መዳፉ እንደ ቆርቆሮ ገግሟል። ሽታውማ ገና ጋራዡ በር ላይ ሰው ይቀበላል።

እኔ እዚያ ጋራዥ ሜካኒክ ሆኜ ስገባ ጓንቱ ለትንሹ የልጅ ልጅ ደርሶ ነበር። ውድድር ላይ ፊቱ ስለማይለዋወጥ «በረዶው» ይሉታል። እኔ ፊት ግን ጆሮው ሳይቀር ይቀላል። ፍሬን ስፈታ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ መፍቻ እያቀበለ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ወደድኩት፤ ምን እደብቃለሁ።

አንድ ቀን ከልምምድ መልስ እጄን ሊይዘኝ ሲል ያ ሽታ መጣብኝ። ሸሸሁ።

«ምነው?»

«ያቅለሸልሸኛል። ጓንቱ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ደግሞ ምንድነው?»

ጓንቱን ወደ ጀርባው ሸሸገ። «የወንድሜ ደም ነው» አለኝ።

ታላቅየው ባለፈው ዓመት መሪው ከእጁ አምልጦት፣ ተገልብጦ ነው የሞተው። አባትየው ጓንቱን ከሬሳው እጅ አውልቀው፣ እንባቸው ሳይደርቅ ለታናሹ አጠለቁለት።

«ይሄ ቆርቆሮ ጓንት መሪ መች ይይዛል!» ጮህኩ።

«አውቃለሁ።»

«እያወቅክ ታጠልቀዋለህ?»

«አባዬን ምን ልበለው?»

አባትየውንም እሱንም ተጸየፍኳቸው። «በዚያ እጅህ ሁለተኛ እንዳትነካኝ!» ብዬው ሄድኩ።

የውድድሩ ቀን አባትየው ጓንቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀረቡ። እሱ መጀመሪያ እኔን አየኝ።

«አባዬ፣ ወንድሜን የገደለው ይሄ ጓንት ነው» አለና ከኪሱ አዲስ ጓንት አውጥቶ አጠለቀ።

«እንግዲያው ልጄ አይደለህም!»

አራተኛ ወጣ። በዚያ ቤት አራተኛ የወጣ ሰው የለም። አባትየው ጓንታቸውን ብብታቸው ስር ወሽቀው፣ ዞር ብለውም ሳያዩት ሄዱ።

እሱ ቧንቧው ጋ ቆሞ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ፤ ደግሞ ታጠበ። ከዚያ መጥቶ እርጥብ መዳፉን አፍንጫዬ ስር ዘረጋ።

«አሽትቺው።»

ሳሙና ሳሙና ይላል። በመኪና ቅባት የጠቆረ እጄን ልሰጠው ስል አፈርኩ።

«የእኔ ደግሞ ግራሶ ነው።»

«ግራሶ ይለቃል» አለና አጥብቆ ያዘኝ።