ማሊያው ላይ ያለው ስም

«አውልቀው እልሃለሁ!» አለ ጓደኛው ሌስተን፣ ከአሮጌው ፒክአፕ ጀርባ ተደብቀው እንደቆሙ። «አያትህ ማዶ ተቀምጣለች። ብታየውስ?»

«ጃኬት ደርቤበት የለ?»

«ታዲያ በጃኬት ልትጫወት ነው? ጉድ እኮ ነው!»

ልጁ ዚፑን እስከ አገጩ ሳበው። ከሥር የለበሰው ማሊያ አጎቱ ከከተማ ያመጣለት ነው፤ ጀርባው ላይ ስም በትልልቁ ታትሞበታል። የአጎቱ ስም ነው፤ የእሱም ስም ነው። እናቱ ናት በወንድሟ ስም የሰየመችው።

እዚህ በረሃችን ውስጥ፣ በእኛ በነባሮቹ ሕዝቦች ዘንድ፣ ሰው ሲሞት ስሙ አይጠራም፣ ፎቶውም አይታይም። ይህን የማወራችሁ እኔም አልጠራውም። ስሙን የሚጋራ ሁሉ ደግሞ ኀዘኑ እስኪያልፍ ድረስ «ኩማንጃይ» ይባላል። አጎቱ በትልቁ ሊግ ሞላላዋን ኳስ ሲለጋ መንደሩ በሙሉ ቴሌቪዥን ሥር ይሰበሰብ ነበር፤ ያኔ የተወለደ ወንድ ግማሹ በእሱ ስም ተጠርቷል። ገና በጎልማሳነቱ ልቡ ቀጥ ብሎ የሞተ ዕለት መንደሩ በኩማንጃይ ተሞላ። አሠልጣኙ ሲጣራ ሦስት ልጆች አንድ ላይ ይዞራሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቅ ነበር።

አራተኛው አይዞርም። ይኸው የኛ ልጅ ነው። ስሜ አይደለም ብሎ ቀረ።

ትምህርት ቤትም የአጎቱ ፎቶ ከግድግዳው ወርዷል። መምህርቷ በፊት ፎቶውን እያሳየች «እሱ ከዚህ አቧራ ተነሥቶ ከደረሰ እናንተ ምን ያንሳችኋል?» ትላቸው ነበር። አሁን በቦታው ቀለሙ ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን ብቻ ቀርቷል። ልጁ በዚያ ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል። የሟቹ ቤት በቅጠል ተጠርጎ ዕቃው ሁሉ ለሩቅ ዘመድ ሲሰጥም፣ ማሊያውን አምጣ እንዳይባል ፍራሹ ሥር ደበቀው።

«የትልቁ ሊግ ተጫዋች መልማይ ዛሬ ከከተማ ድረስ የመጣው ስሜን ሰምቶ ነው» አለ አሁን። «ስሙን ካላየ በምን ይለየኛል? ደግሞ የኔም ስም ነው! የሞተው እሱ፣ የተቀበረው የኔ ስም!» ድምፁ ተሰበረ።

ሌስተን ትከሻውን ነካው። «እየጠራችህ ነው፣ ወንድሜ» አለ።

ማዶ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ አያቱ እጇን አንሥታ ትጠራው ነበር። ጭንቅላቷ ተላጭቷል፤ ግንባሯና ደረቷ በነጭ ጭቃ ተለስኗል። ልጇን ከቀበረች ወዲህ ቃል ከአፏ አልወጣም። የእኛ ኀዘንተኛ ሴቶች የሚያወሩት በእጃቸው ነው። ሜዳውም ለኀዘኑ ተዘግቶ ከርሞ፣ ዛሬ ጠዋት ልጆቹ ይጫወቱ ብላ ያስከፈተችው እሷው ናት።

ልጁ ሄዶ ፊቷ ተንበረከከ። ጣቶቿ ወደ ፀሐይ፣ ከዚያም ወደ ጃኬቱ ጠቆሙ። በዚህ ሐሩር?

«ምንም አይደል፣ አያቴ» አለ።

አላመነችውም። መዳፏን ደረቱ ላይ አኖረችና ዐይኗን ጨፍና አዳመጠች። ልቡን ነበር የምታዳምጠው። ልጁ ያን ጊዜ አፈረ፤ በጣም አፈረ። ያን ስም ጀርባው ላይ አዝሎ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፊቷ ሊሮጥ ነበር።

ተነሥቶ ወደ ፒክአፑ ሮጠ። ማሊያውን አወለቀ፤ ስሙን ወደ ውስጥ አጥፎ በሁለት እጁ አመጣላት። አያቱ አልገለጠችውም። ምን እንደሆነ አውቃለች። ቀሚሷ ሥር አስገባችውና ትከሻዋ ያለ ድምፅ ይርገፈገፍ ጀመር። ከዚህ በኋላ ማሊያው ወዴት እንደሚሄድ ልጁ አይጠይቅም፤ አያየውምም።

የቡድኑን ትርፍ ማሊያ ለበሰ። እጅጌ የለውም፣ ሰፊ ነው፣ የማንም ስም አልተጻፈበትም። መስመሩ ዳር መልማዩ አስቆመው።

«አንተ አይደለህ እንዴ በዚያ በታላቁ ተጫዋች ስም የተጠራኸው፣ በ...»

«ስሙን አይጥሩት!» አለ ልጁ ፈጥኖ። «እናቱ እዚያ ተቀምጣለች።»

ሰውየው ደነገጠ። «ይቅርታ። እሺ፣ አንተን ማን ልበልህ?»

ልጁ ዞር ብሎ ወደ አያቱ አየ። ሰውየው ዐይኑን ወደ ሌሎቹ ልጆች መለሰ።

ፊሽካ ተነፋ። አሠልጣኙ ከሜዳው መሃል ሆኖ «ኩማንጃይ!» ብሎ ተጣራ።

ሦስቱ ከመዞራቸው በፊት ልጁ ዞረ። «አቤት!» አለና ወደ ቀዩ አቧራ ሮጦ ገባ።