ከእምቦጩ ውስጥ የሚመልስ

የእምቦጭ ዘመቻው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ቀበሌው በማለዳ ማጭዱን ይዞ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ አረሙ ከሰው ቁመት ስለሚስተካከል ግን አጫጆቹ አይተያዩም። ዳር የቆሙት አቶ ይርሳው በየተራ ስም ይጠራሉ፤ የተጠራው «አለሁ» ይላል፤ ዝም ያለ እንደሆነ ገመድ ይዘው ሊያወጡት ይገባሉ። ድምፁ ከተሰማ ማንም ሄዶ አያየውም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» ይላሉ አቶ ይርሳው። አንበሳው ግን ትናንት የታጨደበትን ሞልቶ ይጠብቃቸዋል።

አንማው ታናሽ ወንድሙን ቢራራን ይዞ በመግባቱ ቆጭቶታል። ቢራራ ባለፈው ጥር ሚስት ቢያገባም ዋና የሚባል አያውቅም። እናታቸውም ለአንማው «ያለ እሱ ደጄን እንዳትረግጥ» ብለውታል።

ውኃው ደረቱ ላይ ሲደርስ የበሰበሰ ሥርና የሞተ ዓሣ ሽታ አፍንጫውን ሞላው። እንቁራሪቶቹ ጸጥ ብለዋል።

«ቢራራ!» አሉ አቶ ይርሳው ከዳር።

«አለሁ!» ስሙ ተጠርቶ ሳያልቅ መለሰ። ደግሞም በአንማው ቀኝ ሲያጭድ የነበረው ሰው ድምፁ ከግራ መጣ።

«አንተ፣ ወዴት ዞርክ?» አለ አንማው።

«አለሁ» አለው።

ያኔ አንድ ነገር ከሥር ቁርጭምጭሚቱን ጨመደደው። የአረም ሥር መሰለው። ቢጎትት ይብሱን ጠበቀ፤ ወደ ታች ሳበው፤ ጭቃ ውኃ ጠጣ። ፈራ፤ ከልቡ ፈራ። ማጭዱን ወደ ታች ሰደደና ገዘገዘው፤ የራሱን ቆዳ ጭምር እየቀደደ ደጋግሞ ገዘገዘ። ያ ነገር ወደ ጭኑ ወጥቶ ሲቧጥጠው በማጭዱ ጫፍ ወጋው፤ እንደገናም ወጋው፤ አጥንት የመሰለ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማው።

«ቢራራ፣ ውጣ! አውሬ አለ!»

«አለሁ» አለ ድምፁ፣ በእርጋታ።

የያዘው ነገር ላላ። ውኃው ቀላ፤ በቅጠሎቹ መካከልም አንድ እጅ ተንሳፎ ወጣ። አውራ ጣቱ ላይ ትናንት ማታ አንማው ራሱ ያሰረለት ጨርቅ ነበር። ቀጥሎ የቢራራ ፊት መጣ፤ ዓይኑ ፈጥጧል፤ አፉ እስከ ጉሮሮው በእምቦጭ ሥር ተጠቅጥቋል።

አንማው «ገመድ!» ሊል ሞከረ። የረጠበ ሥር አንገቱን ዞሮ አነቀው።

«አንማው!» ብለው ተጣሩ አቶ ይርሳው ከዳር፤ ከጀርባው የራሱ የአንማው ድምፅ ረጋ ብሎ «አለሁ» አላቸው።