በበሶ ተሸፍኖ የመጣ ወርቅ

በስደት አገር፣ ላንድማርክ በሚባል ሰፈር ከተደረደሩት አፓርታማዎች በአንዱ ለገሰና ታደለች የሚባሉ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ኑሯቸው የሚያስቀና አልነበረም፤ ፍቅራቸው ግን ያስቀና ነበር። እሱ ክሪስታል ሲቲ ፓርኪንግ ይሠራል፤ እሷ አረጋውያን ቤት ሽፍት ትገባለች፤ እሁድ ሲሆን ትንሿን ልጃቸውን ሚስጥርን መሀል አድርገው ቸርች ይሄዳሉ። ታደለች ኳየር ውስጥ ስትዘምር፣ ለገሰ ጎኑ የተቀመጠውን ሰው በክርኑ ነካ አድርጎ፣ እኔ ዲቪ የደረሰኝ ሁለት ጊዜ ነው፣ አንደኛው ያቻት እያለ ያስቅ ነበር። ምን ያደርጋል! ጨጓራ ነው ሲባል የከረመው ሕመሟ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹም የሚቻለንን አድርገናል፣ ከእንግዲህ ቤቷ ሆና ሕመሟን እናስታግስላት አሉ።

ለገሰ ይህን አልቀበልም አለ። ሌላ ስቴት ያለ ሆስፒታል አዲስ ሕክምና ይሞክራል ሲባል ሰምቷል፤ ኢንሹራንሷ ግን አይሸፍነውም። የሰው ልጅ ሲጨንቀው የማይቆፍረው ምን አለ? ሥራ ቦታው ተቀምጦ በስልኩ የሚያያቸው እንግሊዛውያን ነበሩ፤ ብረት የሚጠቁም ማሽን ይዘው የገበሬ ማሳ ላይ ሲዞሩ ይውሉና፣ ማሽኑ ሲጮህ ቆፍረው የጥንት ነገሥታት ብር በማሰሮ ሙሉ ያወጣሉ። እሱም ማሽኑን ገዛ። ከአፓርታማው ጀርባ ባለው ባዶ መሬት ቢዞር ቢዞር ያገኘው የቢራ ቆርኪ ብቻ ሆነ። ጎረቤቶቹ ሲስቁበት፣ የእኛ አገር አፈር ይሻላል ብሎ ማሽኑን ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ፣ ሰሜን ለሚኖረው ወንድሙ ለጸጋዬ ላከለት።

ጸጋዬ አገኘ። አንድ ቀን ቮይስ ላከ። ከታረሰ ማሳ ስር አንዲት የሸክላ ማሰሮ፣ ውስጧ እንደ ጥፍር የሳሱ የወርቅ ሳንቲሞች፣ በላያቸው ዘውድ የጫነ ንጉሥና መስቀል! እንዲህ ያለው ቅርስ የአገር እንደሆነና ለመንግሥት መሰጠት እንዳለበት ለገሰ ያውቃል። አላወቅሁም ቢል ማን ያምነዋል? ግን አጠገቡ ሚስቱ እያቃሰተች ነበር። "ላክልኝ" አለው።

በማን ይላክ? የታደለች እናት ወይዘሮ ንግስት ቪዛ ተሰጥቷቸው ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነበር። ጸጋዬ በፌስታል ጢም ያለ በሶ ይዞ ቤታቸው ሄደና፣ ለሚስጥር ነው፣ ያድርሱልኝ አላቸው። የሰው ዕቃ አልይዝም ማለት እኛ ዘንድ ነውር አይደል? ቋጠሮውን ፈትተው አላዩም፤ መርቀው ሻንጣቸው ውስጥ ከተቱት።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶች፤ እኛ ግን መደበቅ እንወዳለን። ወይዘሮ ንግስት ልጃቸው ለሞት እንደቀረበች አልተነገራቸውም። ደም ግፊት አለባቸው፣ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም ተባለ። ታደለች ግን፣ ሳትመጣ ንገራት፣ በር ላይ አይታኝ እንዳትደነግጥ ብላ ባሏን አደራ ብላው ነበር። ነግሬያቸዋለሁ አላት። አልነገራቸውም። መጥተው ያዩታል ብሎ ተወው።

እናቷ በሚገቡበት ቀን ጠዋት ታደለች የሕመም ማስታገሻዋን አልወስድም አለች። እናቴ ደንዝዤ እንዳታገኘኝ ብላ ከንፈሯን ነክሳ ተቀመጠች። ቤት እየመጣች የምታያት ነርስ ለመነቻት፤ አልሰማችም። ለገሰ ሚስጥርን ይዞ ደለስ ኤርፖርት ሄደ። ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው ሁሉ ተቃቅፎ አልቅሶ ወጣ፤ ወይዘሮ ንግስት ግን አልወጡም። በመጨረሻ ስልኩ ጠራ።

"ለገሰ ልጄ፣ ፈታሾቹ ከበሶው ውስጥ የወርቅ ሳንቲም ተገኘ ይሉኛል" አሉት፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር።

እሳቸው የለገሰን ዝምታ ሰሙት፤ ገባቸውም።

"የኔ ነው፣ ከእናቴ የወረስኩት ነው ብያቸዋለሁ። ቪዛዬን ሰርዘው በመጣሁበት አውሮፕላን ሊመልሱኝ ነው። ይመልሱኝ። እኔ አሮጊት ነኝ፣ ምን ይቀርብኛል? አንተን ቢወስዱህ ግን ልጄን ማን ይይዝልኛል? እሷን ለዓመቱ መጥቼ አያታለሁ።"

ለዓመቱ! አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚቀረው። እማማ፣ ልጅዎ ዓመት የላትም፣ ሳምንትም የላትም ማለት። ያን ቢል እሳቸው እውነቱን ያወጡ ነበር፤ ምናልባትም ልጃቸው ጋ ይደርሱ ነበር። ግን እሱስ? በካቴና ይወሰድና ታደለች በማን እጅ ትሞታለች? እጁን የያዘችውን ሚስጥርን ማን ያሳድጋታል? ቢናገር ገደል፣ ዝም ቢል ገደል... ወዴት ይሂድ? ሰፊው ኤርፖርት እንደ ሳጥን ጠበበው።

"እሺ፣ እማማ" አለ።

ቤት ሲገቡ ታደለች ትራስ ተደግፋ በሩን በሩን ታይ ነበር። አውሮፕላን አምልጧቸው ነው፣ በሚቀጥለው ይመጣሉ አላት። አመነችው፤ መቼ አላምን ብላው ታውቃለች? ማስታገሻውን አሁንም አልወስድም አለች። ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሎ፣ አንሶላውን በጥርሷ ይዛ ዋለች። ለገሰ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ስቃይዋን እያየ ከራሱ ጋር ሲሟገት መሸ። ያኔ ሚስጥር ወደ አልጋው ጠጋ አለች። ልጅ ምን ያውቃል?

"ማሚ፣ ግራንድማ ኢዝ ኖት ካሚንግ" አለች። "በስልክ ባይ አለችው፣ ዳዲም እሺ አላት።"

ታደለች ወደ ባሏ ዞረች።

"እናቴ እንደታመምኩ ታውቃለች?"

ለገሰ አልጋው ስር ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራት፤ ማሽኑን፣ ማሰሮዋን፣ በሶውን፣ ያቺን አንዲት "እሺ"። ለአንቺ ብዬ ነው ሊላት ፈለገ፤ ቃሉ ግን አፉ ውስጥ መረረው። ታደለች አልጮኸችም፣ አልረገመችውም። የከሳ እጇን ራሱ ላይ አሳረፈችና "ደውልልኝ" አለችው። ደወለ። የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው ጥሪ መቀበል አይችሉም አለ ስልኩ። እንዴት ይቻላል? እናት በዚያ ሰዓት ሰማይ ላይ ናቸው፤ ከልጃቸው እየራቁ ይበራሉ። ደግሞ ደወለ፣ ደግሞ... ታደለች በእያንዳንዱ ጥሪ ዓይኗን ትገልጥ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ግን አልገለጠችም።

ለገሰ ነርሷንም አልጠራ፣ የቸርቹንም ሰው አልጠራ። ከሬሳው አጠገብ እንደተቀመጠ ነጋ። ሚስጥር ሳሎን ተኝታለች። ስልኩ ጠራ፤ ወይዘሮ ንግስት ነበሩ።

"በሰላም ቤቴ ገባሁ፣ ልጄ። ታዱ በጣም አዘነችብኝ?"

መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ በማለዳ በር ተንኳኩቶ ነው እንጂ። ለገሰ ይህን አሰበና "ተኝታለች፣ እማማ" አለ።

"እንግዲያው አትቀስቅሳት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ብቻ አድርግልኝ።"

ምን ይበል? ስልኩን ወስዶ በዚያ በቀዘቀዘ ጆሮ ላይ አኖረው።

"ታዱዬ፣ የእናቷ ልጅ" አሉ ወይዘሮ ንግስት፣ ሕፃን እንደሚያባብሉ። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ባልሽን እንዳትቆጪው። ጥሩ ሰው ነው የሰጠሽ። እኔ እንደሁ እመጣለሁ፤ እግዜር ካለ የት ይቀራል ብለሽ ነው? ደክሞሻል መሰለኝ፣ በይ ተኚ። ተኚ፣ የኔ ልጅ..."

አንዳንዱን መከራ ዕድል ያመጣዋል፤ በዕድል ይሳበባል፣ በዕድል ይለቀሳል። የለገሰን ግን እንዴት ብለን በዕድል እናሳብበው? ወይዘሮ ንግስት መርዶው እስኪደርሳቸው ድረስ፣ ልጄ ድምፄን ሰምታለች ብለው ለጎረቤቶቻቸው ሁሉ በደስታ ሲያወሩ ሰነበቱ።